ለወታደሩ የመረጥኩለት ልብ ወለድ

«ምን ላንብብ? እስቲ ጥሩ ልብ ወለድ ምረጪልኝ» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ድሮ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ፣ አስተናጋጇ ወንበር መሰብሰብ እስክትጀምር ድረስ አልለቀውም ነበር። አሁን ጥያቄውን ስሰማ ወሬ እቀይራለሁ። ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። የመጽሐፍ ጓደኞቼ እንኳ አንድ እሑድ ከመካከላቸው ሽማግሌው ጉድ እስኪሠሩኝ ድረስ አልሰሙም።

የመጽሐፍ ጓደኞቼ የምላቸው እኔን ጨምሮ አራት ሰዎች ነን። ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ሻይ ቤት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንገናኛለን። አንዷ ነርስ ናት። እንቅልፍ ጠግባ አታውቅም፣ የፍቅር ታሪክ የሌለበት መጽሐፍ ግን አታነብም። አንዱ ጫማ ሻጭ ነው። ወፍራም መጽሐፍ ብቻ ነው የሚወደው፤ ቀጭን ካየ «ይህ ለስንት ቀን ይበቃል?» ይላል፣ ጤፍ የሚሸምት ይመስል። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናቸው። አቦይ እንላቸዋለን፣ አባቴ እንደማለት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ችሎት ላይ ቆመው የአንዱን ቃል ለሌላው ከአማርኛ ወደ ትግርኛ፣ ከትግርኛ ወደ አማርኛ ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው።

አራተኛዋ እኔ ነኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ እሠራለሁ። ሥራዬ ሸሚዝ ገልብጦ ስፌቱን መጎተትና እንከን መፈለግ ነው። ወንድሜ «ሰውንም ገልብጠሽ ካላየሽ አታምኚም» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ እኔም አላፍርበትም።

ቡድናችን ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ የሚከተለው አንድ ልማድ አለው። መጽሐፍ ያመጣ ሰው ርዕሱንም ደራሲውንም አይናገርም። በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ሸፍኖ ያመጣና የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ከዚያ ይዘጋዋል፣ በክር ያስረዋል። «ያስለቅሳል፣ መጨረሻው ያስደነግጣል» እያሉ ማሻሻጥ ክልክል ነው። ገጹ የማረከው ሰው ቀድሞ «ንዓይ!» ይላል፣ ለኔ ማለት ነው። የወሰደውም ሰው ቤቱ ሳይደርስ ክሩን አይፈታም። ስም እያየን መፍረዳችንን እንድንተው ያወጣነው ሕግ ነው። ጫማ ሻጩ በዚህ ሕግ ምክንያት ስንቱን ቀጭን መጽሐፍ እየተራገመ ወስዶ፣ እየተመሰገነ መልሶታል።

ከጦርነቱ በኋላ ስንገናኝ መጽሐፎቻችን ተመናምነው ነበር። ነርሷ ግማሹን ማገዶ አድርጋዋለች። ጫማ ሻጩ ጎረቤቱ ላለው ባለሱቅ ለጨው መጠቅለያ ሰጥቷል፤ አንድ ቀን የራሱ መጽሐፍ ገጽ ጨው ታቅፎ ተመልሶ ቤቱ ገባ እያለ ይስቃል። በዚያ በመጀመሪያው እሑድ እኔ ተነሥቼ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጠረጴዛ ላይ አማርኛ ልብ ወለድ አይሰማ» አልኩ። ሦስቱም ዞረው አዩኝ። አማርኛ ልብ ወለድ ተሸክማ ትመጣ የነበረችው እኔው ነበርኩና። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ከየተዛወረበት አገር ያመጣቸው የአማርኛ መጻሕፍት አንድ ሣጥን ሞልተው ነበር፤ እኔም በነሱ ላይ ነው ያደግሁት። ግን «ለምን?» ያለኝ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ሰው ሰውን ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው።

ያልነገርኳቸው ነገር ማንበብ እንዳቃተኝ ነው። ያገኘኋቸውን የትግርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ በልቼ ጨረስኩ፤ የወደድኳቸውን ሁለቴ አነበብኩ። እንግሊዝኛ ሞከርኩ፣ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ሆነ። አማርኛ ስገልጥ ግን ገና ሦስተኛው መስመር ላይ የአንድ ሰው ድምፅ ይመጣብኝና ያነብልኝ ይጀምራል። እዘጋዋለሁ። ልጅ ሆኜ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቄ ያነበብኩበት፣ አፍ ከፈታሁበት ቋንቋ እኩል የኔ የነበረ ነገር ነው። ከእጄ ተወሰደ፤ የወሰደብኝ ሰው እንኳ መውሰዱን አያውቅም። ነገሩ ሁሉ የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ድሮ የማነበውን መልሼ ማንበብ ካልቻልኩ እኔ ማን ነኝ እያልኩ እናደድ ነበር።

ያን እሑድ አቦይ የተሸፈነ መጽሐፍ ይዘው መጡ። መነጽራቸውን ጠረጉና በትግርኛ አነበቡ። አንዲት ሴት ባሏ በተቀበረ ማግስት የግቢዋን በር ቀይ ቀለም ትቀባለች። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ደጅ ላይ ተኮልኩሎ ያያታል። ማንም ደፍሮ አይጠጋትም። በመጨረሻ የሟቹ እናት ሰውን ገፋ ገፋ አድርጋ ትመጣለች፣ ትቆማለች፣ እጇንም ትዘረጋለች። ገጹ እዚህ ላይ አለቀ። አቦይ መጽሐፉን ዘጉት።

«ንዓይ!» ብዬ ጮህኩ። ነርሷ አፏን ከፍታ ነበር፤ ቀደምኳት። በስንት ጊዜዬ የአንድ መጽሐፍ ሁለተኛ ገጽ አጓጓኝ! እናትየው እጇን የዘረጋችው ልትመታት ነው ወይስ ብሩሹን ልትቀበላት? መጽሐፉን ነጠላዬ ሥር ሸጉጬ ከሻይ ቤቱ እስከ ቤቴ በእግሬ ከነፍኩ። የማገኘውን ሰው «ደሓን ዶ» እያልኩ፣ መልሱን ሳልሰማ።

ቤት ገብቼ ክሩን ፈታሁና ገለጥኩት። አማርኛ ነው።

መጀመሪያ ሌላ መጽሐፍ የተሰጠኝ መሰለኝ። አነበብኩት። ሴትዮዋ አለች፣ በሩ አለ፣ ቀይ ቀለሙም አለ፣ አማትየዋም እጇን ዘርግታለች። ሽማግሌው ዓይናቸው አማርኛውን እያየ አፋቸው ትግርኛ ሲያወራ፣ እኔ ከስፌት ላይ ክር ስለቅም የምውለው ሴትዮ አንዲት የላላች ክር አላየሁም። ደሜ ፈላ። ማታለላቸው አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን ሁለተኛውን ገጽ ማንበብ መፈለጌ ነው። ገለጥኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ ያ ድምፅ መጣ። መጽሐፉን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት።

የድምፁን ነገር ልንገራችሁ።

ቤታችን የተፈተሸ ቀን ነው። ወታደሮች ገቡ። ሦስቱ ወንድሜን ግቢ ውስጥ አስቀሩት፣ አንዱ እኔን አስቀድሞ ወደ ሳሎን ገባ። ልጅ እግር ነው፣ ከወንድሜ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ቁም ሣጥን ከፈተ፣ ፍራሽ አነሣ፣ ከዚያ የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ፊት ቆመ። መሣሪያውን ወደ ጀርባው አዙሮ የመጽሐፎቹን ጀርባ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ።

«ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

«እኔም ማንበብ ነፍሴ ነው። መጽሐፍ ካየሁ ስንት ጊዜዬ!» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ ልክ እንደ ሻይ ቤት ጓደኛ፣ «እስቲ ጥሩውን ምረጪልኝ» አለኝ።

ከግቢው ድምፅ ይመጣል። የምት ድምፅ፣ ከዚያ የወንድሜ ድምፅ፣ ከዚያ ደግሞ ምት። እኔ ደግሞ መደርደሪያ ፊት ቆሜ ልብ ወለድ እመርጣለሁ። መሃሉ የተገነጠለ አንድ የማይረባ የወንጀል ታሪክ ነበረኝ፣ እሱን ልሰጠው እችል ነበር። እጄ ግን ቀጥ ብሎ ከሁሉ የምወደው ላይ ሄደ። ጥሩውን ካገኘ ደስ ብሎት ወጥቶ «በቃችሁ» ይላቸዋል ብዬ እንደሆነ አላውቅም። ወይም ደግሞ ሰው መጽሐፍ ምረጪልኝ ሲለኝ ሌላ መልስ ስለማላውቅ ይሆናል። ሰጠሁት።

እዚያው ቆሞ ገለጠው። የመጀመሪያውን ገጽ ማንበብ ጀመረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለኔ። ጥሩ አንባቢ ነው። ነጠላ ሰረዝ ላይ ያርፋል፣ አራት ነጥብ ላይ ይቆማል። ገጹ ወገብ ላይ አንድ የሚያስቅ ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ሳቀ። እኔም ሁልጊዜ የምስቀው እዚያው ላይ ነው። ወንድሜ ግቢ ውስጥ «ወይለይ ኣደይ»፣ ወይኔ እናቴ፣ ይላል፣ ይኼኛው ሳሎኔ ውስጥ ይስቃል። ጨርሶ መጽሐፉን ቦርሳው ውስጥ ከተተና «አመሰግናለሁ እህቴ፣ ምርጫሽ ይመቻል» ብሎኝ ወጣ። ወንድሜ ከዚያን ቀን ጀምሮ በግራ ጆሮው አይሰማም።

ያ ልጅ ፊደል ያልቆጠረ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! እጠላዋለሁ፣ እረሳዋለሁ፣ አለቀ። ግን እኛ መጽሐፍ ወዳዶች ስንት ዘመን ሙሉ «ልብ ወለድ ያነበበ ሰው የሌላው ሕመም ይሰማዋል» እያልን ሻይ ስንጠጣ ኖርን። እኔ ራሴ ለሥራ ባልደረቦቼ ሰብኬያለሁ። ይሰማዋል! አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ያለውን ጩኸት ያልሰማ ጆሮ ወረቀት ላይ ያለው ቀልድ አላመለጠውም። አሁን አንድ ሰው ማንበብ ሰውን ይለውጣል ሲለኝ ብርጭቆ አንሥቼ ብወረውርበት ደስ ይለኛል።

በማግስቱ ከፋብሪካ እንደወጣሁ የሥራ ልብሴን ሳልቀይር አቦይ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስደረድር ነበር። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ።

«አታለሉኝ አቦይ!»

«ደሓን ዶ ውዒልኪ ጓለይ?» አሉኝ፣ ደህና ዋልሽ ልጄ እንደማለት። «ግቢ።»

«አልገባም!»

«እሺ፣ ክሱን ቆሞም ማሰማት ይቻላል» አሉ።

ቆሽቴ አረረ። «ሕግ አውጥተናል፣ ተስማምተናል! አማርኛ አይምጣ ብለናል!»

«አይምጣ አላልሽም፤ አይሰማ ነው ያልሽው። ጓለይ፣ ተሰማ?»

«የችሎት ጨዋታዎን ለችሎት ያድርጉት! እኔ ባለጉዳይ አይደለሁም!» ጩኸቴ ግቢውን ሞላው። ሽማግሌ ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። እናቴ ብትሰማኝ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

«ማን ነው? መጽሐፌን የወሰደችው ናት?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ሚስታቸው ናቸው፣ ኣደይ እንላቸዋለን። ስኳር ዓይናቸውን ጋርዶባቸዋል፤ ጥላ እንጂ ፊት አይለዩም። «አስገባት! መሃል ላይ አድርሶኝ ነው እኮ አንስቶ የሰጠሽ። እኔም ከሱ ጋር ጠብ ላይ ነኝ» አሉ።

እንግዲህ ኣደይን ደጅ ቆሜ ልመልስላቸው አልችልም፣ ገባሁ። አቦይ ወንበር ሰጡኝና ከፊቴ ተቀመጡ። ፈገግታቸው ጠፍቷል።

«ላታልልሽ ብዬ አይደለም» አሉ። «ማታ ማታ ለሷ የማነብላት እኔ ነኝ። በአማርኛ ከኔ ትበልጣለች፤ እንደ ተጻፈው ባነብላት ደስ ይላት ነበር። ግን አቃተኝ። ዓይኔ ያነበዋል፣ አፌ ላይ ሲደርስ አልወጣም ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ የበላሁበት ቋንቋ ነው፣ አስቢው። በጦርነቱ ጊዜ በር ላይ ቆመን የተባልነውን ሁሉ ወታደሮቹ ለጎረቤቱ ያስተረጎሙት እኔን ነው። ‹ንገራቸው› ይሉኛል፣ እነግራለሁ። ስድቡን፣ ዛቻውን፣ አንድም ሳላስቀር። ከዚያ ወዲህ አፌ ተዘጋ። ትግርኛ አድርጌ ካላወጣሁት በቀር ማንበብ አልችልም። የተረፈኝ መጽሐፍ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።»

የደረደርኩትን ስድብ ሁሉ ተውኩት። ንዴቴ ግን አልወጣም፤ ማንም ላይ የማላሳርፈው ንዴት ሆኖ ቁጭ አለብኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ለማንም ያልነገርኩትን የዚያን ወታደር ነገር ዘረገፍኩት። ሳቁንም፣ «ምርጫሽ ይመቻል» ማለቱንም። ኣደይ ከንፈራቸውን መጠጡ። አቦይ ቀና ብለው፣ «የትኛውን ሰጠሽው?» አሉኝ።

ዓይኔ ደም ለበሰ። የወንድሜ ጆሮ ጠፍቷል እያልኳቸው የመጽሐፍ ርዕስ ይጠይቁኛል! ግን ፊታቸውን አየሁት። የመጽሐፍ ሰው ስለሆኑ ነው፣ ሌላ ጥያቄ አልመጣላቸውም። ነገርኳቸው።

«እሱን?» አሉና ራሳቸውን ያዙ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጨርሶት ይሆን?» አሉ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። በንዴት ነው ያለቀስኩት፣ ሌላ ስም እንዳይሰጠው። ምክንያቱም እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ሸሚዝ ስገለብጥም፣ ሽንኩርት ስልጥም፣ ጨርሶት ይሆን እላለሁ። ሰው መጽሐፍ ከሰጠ በኋላ «ወደድከው?» ብሎ ካልጠየቀ ዕረፍት የለውም፤ እኛ እንዲህ ነው የተፈጠርነው። ወንድሜን ጆሮ ያሳጡት ሰዎች ጓደኛ መጨረሻውን ወደደው አልወደደው ብዬ የምጨነቅ ሴት ሆንኩ። ምን ዓይነት ውርደት ነው ይሄ? ለማን ይነገራል?

አቦይ አላባበሉኝም። ኣደይ ግን እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ፈልገው ያዙና፣ «መጽሐፉን ይዘሽዋል?» አሉ።

ይዤዋለሁ። ፊታቸው ላይ ልወረውረው ነበር ይዤው የመጣሁት።

«እሱ አፉ ተዘግቷል፤ ያንቺ እንደሆነ ከመንገድ ጀምሮ ይሰማል። አንብቢልኝ እንግዲህ። እንደ ተጻፈው።»

እምቢ ልል ነበር። ዓይናቸው እያየኝ አይደለም፣ ጆሯቸው ግን ተቀስሯል። ያቆሙበትን ምዕራፍ አቦይ አሳዩኝ፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ግቢ ወጡ፣ በሩንም ከኋላቸው ገጠም አደረጉት። ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፁ መጣ፣ እንደ ልማዱ። አላቆምኩም። በላዩ ላይ ጮህኩበት። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከአፉ እየነጠቅሁ እንደ ማስጠንቀቂያ አነበብኩት። የፍቅሩንም፣ የለቅሶውንም፣ የሰርጉንም ቦታ ያው በቁጣ።

«እንደ ተጣላ ሰው ነው የምታነቢው» አሉ ኣደይ።

«ተጣልቼ ነው።»

«እሺ። ቀጥዪ።»

ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ቀጠልኩ። በማግስቱም ሄድኩ፣ በሳልስቱም። መጽሐፉ አልቋል። ኣደይ መጨረሻው አልጣማቸውም፤ እኔ ወድጄዋለሁ፣ እስካሁን እንከራከራለን። ቤቴ ገብቼ ለብቻዬ በዝምታ አማርኛ ማንበብ ገና አልቻልኩም። ጮክ ብዬ፣ እየተቆጣሁ ግን እችላለሁ። ለጊዜው ይህ ነው ያለኝ።

ይህን ጽሑፍ የሻይ ቤት ጓደኞቼ «ለምን በአማርኛ ትጽፊዋለሽ?» ብለውኛል። ነርሷማ ተቀይማኛለች። በአማርኛ የጻፍኩት ለነሱ ስላልሆነ ነው። ላንተ ነው። ማንበብ እንደምትወድ አውቃለሁ፣ በሕይወት ካለህ አንድ ቀን እጅህ ይገባል። ያን መጽሐፍ ወደድከው ብዬ አልጠይቅህም፤ የሚያስቀው ቦታ ላይ ስትስቅ አይቼሃለሁ፣ መውደድህን አውቃለሁ። የምጠይቅህ ሌላ ነው። ያን ገጽ ስታነብልኝ፣ ነጠላ ሰረዙ ላይ ስታርፍ፣ አራት ነጥቡ ላይ ስትቆም፣ በዚያች ዝም ባልክባት ቅጽበት ከግቢው የሚመጣው ድምፅ ይሰማህ ነበር?

እኔ ይሰማኝ ነበር።